ሁለት አውራጃ የነካው አልጋ

ፌርጋል ቅጹን የሞላው ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ ሻዩ ፊት ለፊቱ እየቀዘቀዘ፣ ዓይኑ በየመሐሉ እየተከደነበት ነበር። ቅጹ አጭር ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የሕመሙ ዓይነት፤ ከዚያ «አመልካቹ በቋሚነት የሚኖሩት የት ነው?» የምትል አንዲት መስመር። ሌላ ከተማ ያደገ ሰው ቢሆን የመንገዱን ስም ጽፎ ያልፋት ነበር። ፌርጋል ግን የኪልናሮን ልጅ ነው፤ የኪልናሮን ሰው ደግሞ ስለ ማላኪ አልጋ ተጠይቆ በደፈናው መልሶ አያውቅም። ስለዚህ ፊደሉን እያሳነሰ፣ አባቱ ማላኪ ከአልጋው በስተቀኝ እንደሚተኙ፣ የአልጋው ግራ በአረንጓዴው አውራጃ፣ ቀኙ ደግሞ በቀዩ አውራጃ ውስጥ እንደሆነ፣ የሁለቱ ድንበርም ልክ በፍራሹ ወገብ ሥር እንደሚያልፍ ጻፈ። መስመሯ አልበቃ ስትለው በኅዳጉ ላይ ቀጠለ። ሲጨርስ፣ እንቅልፍ እየጣለውም ቢሆን፣ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማው።

እርግጥ ቅጹ ላይ «አረንጓዴው» እና «ቀዩ» አላለም። የአውራጃዎቹን ስም በሙሉ ነው የጻፈው፤ እጁ ግን ባዕድ ስም የሚጽፍ ይመስል ነበር። በኪልናሮን ሁለቱን አውራጃዎች በስማቸው የሚጠራ የለም። የሚጠሩት በእግር ኳስ ማልያቸው ቀለም ነው።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። የአረንጓዴው ጤና ቢሮ፣ አመልካቹ የሚያድሩት በጎረቤት አውራጃ መሆኑን ከልጃቸው ጽሑፍ ስለተረዳ ማመልከቻውን ከአክብሮት ጋር መልሷል። ፌርጋል ወደ ቀዩ ላከው። ቀዩም ከአክብሮት ጋር መለሰው፤ ቤቱ የተመዘገበው አረንጓዴው ዘንድ ነው፣ የፊት በሩም የሚከፈተው ወደዚያው ነው አለ። ፌርጋል ሁለቱን ደብዳቤዎች ከምድጃው በላይ ካለው ሰዓት ጀርባ ሰካቸውና ወደ አባቱ ክፍል ገባ። የሚገላበጡበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

አባቱ ስትሮክ ከመታቸው አሥራ አራት ወር ሆኗቸዋል። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው የእሳቸው አይደሉም፤ ንግግራቸው አለ፣ ግን ቃሉ አንድ በአንድ ነው የሚወጣው፣ ድንጋይ እየመረጠ እንደሚያስቀምጥ ሰው። በየሦስት ሰዓቱ ካልተገላበጡ ጀርባቸው ይቆስላል። ፌርጋል ሌሊት ሌሊት ሲነሳና ሲተኛ ያነጋል፤ ከዚያ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የወተት መኪናውን ይዞ ከእርሻ እርሻ ይዞራል። ዕድሜው አርባ ሁለት ነው፤ ከኋላው የሚያዩት ስልሳ ይሉታል። ባለፈው ማክሰኞ ከአንድ መታጠፊያ ላይ ዓይኑን ሲገልጥ የመኪናው ፊተኛ ጎማ ቦይ ውስጥ ነበር፤ አንዲት ላም በመስኮቱ በኩል ታየዋለች፣ ታኝካለች። የወተት ማከማቻው ኃላፊ አልጮኸበትም። እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ቁልፉን መቀበል ግድ እንደሚሆንበት በለሆሳስ ነገረው። ቢጮህበት ይሻለው ነበር።

ቅጹ የሚጠይቀው ብዙ ነገር አልነበረም። በሳምንት አምስት ጠዋትና ሁለት ሌሊት የምትመጣ አንዲት ረዳት። እሷ ካልተገኘች ያለው አንድ ነው፤ ሃያ ማይል ርቆ ያለው የአረጋውያን ማቆያ። ከአባቱ ጓደኞች ሦስቱ ባርኔጣቸውን አድርገው እዚያ ገብተዋል። ባርኔጣዎቹ ብቻ ናቸው የተመለሱት።

ኪልናሮን ስድስት መቶ ሰው የማይሞላት ከተማ ናት፤ የሚያኮራት ነገር ግን ከሰዉ ቁጥር ይበልጣል። ዘጠኝ ቅስት ያለው ድልድይ አላት፣ ወንዙ የሚያልፈው በአንዱ ቅስት ብቻ ነው። አራት እርምጃ የሚራራቁ ሁለት የፖስታ ሣጥኖች አሏት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ጎን የተላከ ደብዳቤ ሁለቱን አውራጃ ዞሮ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። አንድ ጊዜ ደግሞ የአንድ ፍየል ስም በመራጮች መዝገብ ላይ ገብቶ ነበር፣ እንዳልመረጠች የሚምል ሰው እስካሁን የለም። ከሁሉም በላይ ግን የማላኪ አልጋ አለ። ነሐሴ ላይ በሚደረገው የከተማዋ በዓል፣ የታዲ ሞሎይ መጠጥ ቤት ውስጥ የጥያቄና መልስ ውድድር ይካሄዳል፤ የመጨረሻው ጥያቄ በየዓመቱ አንድ ነው። ታዲ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከትና፣ «ባልና ሚስት በአንድ አልጋ፣ በሁለት አውራጃ የሚተኙት እነማን ናቸው?» ይላል። ነጥብ የለውም። መጠጥ ቤቱ በሙሉ ከመቀመጫው ይነሳና «ማላኪና ኑላ» ብሎ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ይመታል። ኑላ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጥያቄውን ግን ወደ ኃላፊ ጊዜ የቀየረው የለም።

ማላኪ ግንበኛ ነበሩ። በ1951 ሲያገቡ፣ ድንበሩ በሚያልፍበት ላይ ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ እስከ ኩሽናው ደፍ ድረስ ወለሉን ጠርበው ጣት የምታህል ስፋት ያላት የነሐስ መስመር ቀበሩ። አልጋውን በላይዋ አቆሙት። እሳቸው በበሩ በኩል፣ ኑላ በመስኮቱ በኩል። እሳቸው አረንጓዴ፣ ኑላ ቀይ። ከውጭ አገር ሳይቀር ሰው እየመጣ ያያት ነበር፤ ኑላ አልጋ ልብሱን ያስተካክሉና ለእንግዳው ሻይና በቅቤ የተቀባ ጥቁር ዳቦ ያቀርባሉ። ፌርጋል ልጅ እያለ፣ የሌሎች ልጆች እናትና አባት አንድ አውራጃ ውስጥ እንደሚተኙ ሲሰማ አዝኖላቸው ነበር።

ኑላ የሞቱ ሳምንት ማላኪ ወደ ሚስታቸው ቦታ ተሻገሩ። ምክንያቱን አልተናገሩም፣ የጠየቃቸውም የለም።

ሰኞ ዕለት ነርስ ዴርቭላ የአባቱን ጀርባ ልታይ መጣች። ከሌላ ከተማ የመጣች፣ እጇ ፈጣን፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። ሁለቱን ደብዳቤዎች አነበበቻቸው። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀና ብላ የፌርጋልን ፊት ስታይ ተወችው። ቅጹ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈ ጠየቀችው፤ ነገራት። ደብዳቤዎቹን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የመንገዱን ስም ብቻ ብትጽፍ ኖሮ» አለች፣ «ሴትየዋ ይሄኔ እዚህ ሳህን እያጠበች ነበር።»

«ውሸት ይሆንብኛል ብዬ ነው።»

«ኪልናሮኖች ስትባሉ» አለችና ስልኩን አነሳች። ከአረንጓዴው ቢሮ ጋር ብዙ ከተነጋገረች በኋላ፣ ኪርዋን የሚባል ተቆጣጣሪ ሐሙስ ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ እንዲመጣ አስማማች። ሰውየው የሚጽፈው ያየውን ነው። ሽማግሌው በግራ በኩል ተኝተው ካገኛቸው አረንጓዴ ናቸው፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

«ሐሙስ ወደ ግራ አስተኛቸው፤ ሌላ ምንም አልልህም። አንድ ክንድ ነው ፌርጋል።»

«አንቺ ብትነግሪያቸውስ?»

«የእኔ ሥራ ጀርባቸው ነው። ሌላው ያንተ ነው።»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ድንቹን እየፈጨ በማንኪያ ሲያጎርሳቸው፣ ፌርጋል ነገሩን ነገራቸው። አባቱ አኝከው፣ ውጠው፣ ማንኪያዋን በደህናው እጃቸው ወደ ጎን ገፉ። ወደዚያ አልሄድም አሉ። ፌርጋል አርባ ዓመት የተኙበት የራሳቸው ቦታ መሆኑን አስታወሳቸው። አንድ ቀን ብቻ፣ እንዲያውም አንድ ሰዓት፣ ሰውየው እስኪወጣ። አባቱ ግን መስኮቱን እያዩ ቀሩ። መልስ የማይመጣ መስሎት ሳህኑን ይዞ ሲነሳ ነው የተናገሩት።

«በእሷ ቦታ ስተኛ ባዶ የሚሆነው የእኔ ቦታ ነው» አሉ። «እሱን እችለዋለሁ። ወደ ራሴ ከተመለስኩ ግን ባዶ የምትሆነው እሷ ናት።»

ፌርጋል ቆሞ ቀረ። ሳህኑን እንደያዘ ወደ አልጋው ተመለከተ። ፍራሹ በእናቱ በኩል ስርጉድ ያለች ናት፤ አባቱ ትልቅ ሰው ቢሆኑም እዚያች ስርጉድ ውስጥ ራሳቸውን ሰብስበው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ነው የሚተኙት። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያገላብጣቸው እንዴት ሳያየው እንደቀረ ገረመው። በዚያ ድካም ያየው ነገር ግን ያን ያህል ብዙ አልነበረም።

ረቡዕ ታዲ ሞሎይ መጣ። ሚስቱ የላከችውን ጎመንና የአሳማ ሥጋ በሳህን ይዞ ነው የመጣው፣ በሌላው ክንዱ ደግሞ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ገመድ። እሁድ የበዓሉ ቀን ነው፤ የአካባቢው ሬዲዮ ስለሚመጣ፣ የመጨረሻው ጥያቄ በዚህ ዓመት ከማላኪ መስኮት ሥር፣ በድምፅ ማጉያ እንዲጠየቅ ኮሚቴው ወስኗል። አልጋ ልብሱ ቢተኮስ ጥሩ ነው አለ። ፌርጋልን ሲያየው ደግሞ አሞሃል እንዴ ብሎ ጠየቀ፣ መልሱን ሳይጠብቅም ድምፅ ማጉያው የሚሰቀልበትን ሚስማር ፍለጋ ግድግዳውን መደባበስ ጀመረ። ክፉ ሰው አይደለም። ከተማዋን የሚወዳት እንደ ሱቁ ነው፤ የትኛው ዕቃ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ያውቃል፣ ሰው ሲያነሳበት ግን አይወድም።

ፌርጋል እንደ ዋዛ አስመስሎ፣ ነሐሱ አንድ ክንድ ያህል ወደ መስኮቱ ፈቀቅ ቢል ምን ይላል ብሎ ጠየቀው። የእናቱ ቦታ አረንጓዴ ውስጥ ይገባል፤ አባቱም ሳይነኩ ይቀራሉ።

ታዲ ገመዱን መሬት አስቀመጠ። «አንተ ሰውዬ፣ በደህናህ ነው? እሁድ ምን ብዬ ልጠይቅ? ባልና ሚስት ሁለቱም አረንጓዴ ውስጥ የሚተኙት እነማን ናቸው ልበል? እሱማ መንገዱ ሙሉ ነው። የእኔም ሚስት አለችበት።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያ አልጋ ከ1951 ጀምሮ እግሩን ያላነቃነቀ አልጋ መሆኑን፣ ቤተ ክርስቲያኑ እንኳ በዚህ መሐል ጣሪያውን ሁለት ጊዜ መቀየሩን ነገረው። ሳህኗን ለመመለስ አትቸኩል አለና ወጣ።

ፌርጋል ግን የአባቱን መሮና መዶሻ ከጓዳ አወጣ። ታዲ እሁድ የፈለገውን ይጠይቅ። እሱ የሚያስበው ሐሙስን ነው። አልጋው ሥር በደረቱ ተኝቶ ገባና መሮውን በነሐሱ ጠርዝ ላይ አስደግፎ አንድ ጊዜ መታ። አቧራው ዓይኑ ውስጥ ገባ። የእንጨቱ ወለል ቅዝቃዜ ለጉንጩ ደስ ይል ነበር፤ እዚያው እንዲሁ ቢተኛ የሚያነሳው የለም ብሎ አሰበ።

«ተወው» አሉ አባቱ ከበላዩ። «በከንቱ አትልፋ። እዚህ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ድንበሩ።»

ፌርጋል ከአልጋው ሥር ራሱን አውጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አባቱ ጣሪያውን እያዩ፣ በየቃሉ እያረፉ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጅቶባቸው ነገሩት። የኑላ አባት የቀዩ አውራጃ ግብ ጠባቂ ነበሩ። በ1938 በአንድ ጨዋታ አረንጓዴዎቹ ያገቡባቸውን ኳስ፣ መስመሩን አላለፈችም እያሉ እስከ ሞቱበት ቀን ሲምሉ ኖሩ። ከዚያ ወዲህ ከልጆቼ አንዷ በአረንጓዴ መሬት አንድ ሌሊት ካደረች ልጄ አይደለችም ብለዋል። ማላኪ ደግሞ ከአባታቸው የወረሱት ይህን አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ቤቱም ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ውስጥ ነው። እውነተኛው ድንበር ከጓሮው ኋላ፣ ከዶሮዎቹ ቤት ወዲያ፣ ዱሮ ተሞልቶ በጠፋው ቦይ ላይ ነው። ከመኝታ ቤቱ አሥራ አንድ እርምጃ ይርቃል።

ማላኪ በአካባቢው እጃቸው የታመነ ግንበኛ ነበሩ። ቱምቢያቸውን ጥለው «እዚህ ጋ ነው» ካሉ እዚያ ጋ ነው። አንድ ቅዳሜ ሲባጎ ወጠሩ፣ ወለሉን ጠረቡ፣ ነሐሱን ቀበሩ። አማታቸው መጥተው መስመሯን በበትራቸው ቆረቆሩ፤ በመስኮቱ በኩል ቆመው አንድ ጊዜ እንደ መዝለል ብለው መሬቷን ፈተኑ። ከዚያ ውስኪ ጠጡና ሠርጉ ሆነ። ሽማግሌው ወሬውን በየመጠጥ ቤቱ አዳረሱት። የአማቹን አውራጃ እስከ አልጋው ድረስ ያስገበረ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩና። የቀረውን ከተማዋ ራሷ ጨረሰችው።

«እማዬስ ታውቅ ነበር?»

አባቱ ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ደህናው የአፋቸው ጥግ ትንሽ ከፍ አለ።

«የሲባጎውን ያንን ጫፍ የያዘው ማን መሰለህ?»

ለእንግዶቹ ሻይ ቀድታ፣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ሳቋን ትይዘው ነበር አሉ። ማታ ማታ አልጋው ላይ ሆና፣ «ዛሬ ከአሜሪካ የመጡ ቀይ አውራጃ ላይ ቁጭ ብለው ፎቶ ተነሱ» ትላቸዋለች። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይሰለቻት።

ፌርጋል መሮውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሊናደድ ሞከረ፤ ንዴቱ ግን እንደ ራቀ ሰው ከሩቅ እጁን አወዛውዞለት አለፈ። ቤቱ በሙሉ አረንጓዴ ነው። ረዳቷ ከመጀመሪያው የሚገባቸው ነበረች። ያን ሁሉ በኅዳግ ላይ ባይጽፍ፣ አንድ የመንገድ ስም ብቻ ቢጽፍ። ነገ ለሰውየው እነግረዋለሁ አለ። ካርታውን ያያል፣ ያልቃል።

«እንደፈለግህ» አሉ አባቱ። «ስለ ራሴ ብዬ አይደለም። ነገሩ የእሷ ነው።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ቢናገር ምን እንደሚሆን ፌርጋል ያውቀዋል። ተቆጣጣሪው ይጽፈዋል፤ ቢሮው ውስጥ የምትተይበው ልጅ የአንዱ የኪልናሮን ሰው የአክስት ልጅ ናት። ቅዳሜ ታዲ ጋ ይደርሳል። እሁድ ጥያቄውን የሚመልስ አይኖርም። እናቱ ደግሞ ሻይ እየቀዱ ከተማ ሙሉ ያታለሉ ሴት ይሆናሉ፤ ሳቁ በእሳቸው ላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ አሰበና በሌላው በኩል ቦዩን፣ ላሟን፣ የኃላፊውን ለስላሳ እጅ፣ ባርኔጣዎቹን አሰበ። እናቱ ሞተዋል። እሱ ነገም መንዳት አለበት። እናገራለሁ ብሎ ወሰነ፤ ሲወስንም ያቀለለው ነገር አልነበረም።

ሐሙስ የወተቱን ዙር ጨርሶ አራት ሰዓት ላይ ቤት ገባ። አባቱን አጠበ፣ ንጹሕ ፒጃማ አለበሳቸው። አባቱ እንደ ሁልጊዜው ስርጉዷ ውስጥ ነበሩ፣ በስተቀኝ። ነርስ ዴርቭላ ቀድማ መጥታ ኩሽና ውስጥ ፋሻ ትቆራርጣለች። ፌርጋል የገንፎውን ሳህን ይዞ አልጋው አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠና አንድ ማንኪያ አጎረሳቸው። ለሰውየው የሚለውን በልቡ ይደረድር ጀመር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ስህተት አለ። ወይም፣ ይህ መስመር አባቴ በወጣትነታቸው ለቀልድ ያህል። ለቀልድ አይባልም። ይህ መስመር አባቴ። ሁለተኛውን ማንኪያ አነሳ።

ሲነቃ መጀመሪያ ያየው ብርሃኑን ነው። ግድግዳው ላይ የነበረው ፀሐይ ወለሉ ላይ ወርዶ፣ ነሐሷን ከአልጋው ሥር ከምትወጣበት እስከ በሩ ድረስ አብርቷታል። ሳህኑ ከእጁ ላይ የለም። ጉልበቱ ላይ የማያውቀው የወንድ ካፖርት ተደርቧል። አንገቱ ደርቋል። ከዚያ አባቱን አየ፤ አባቱ በግራ በኩል፣ በበሩ በኩል፣ በራሳቸው ቦታ በጀርባቸው ተዘርግተው ተኝተዋል። በስተቀኝ ስርጉዷ ብቻዋን ናት።

ዴርቭላ ድምፁን ሰምታ እጇን በፎጣ እያደረቀች መጣች። ስምንት ሰዓት እንደሆነ ነገረችው። ተቆጣጣሪው መጥቶ ሄዷል፤ ካፖርቱን እንዳልረሳው፣ አውቆ እንደተወው፣ ሌላ ቀን እንደሚወስደው ነገረችው።

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«ልቀሰቅስህ ነበር። ጋሼ ማላኪ ናቸው የከለከሉኝ።»

የሆነውን ቆማ ነገረችው። ኪርዋን ሲገባ ፌርጋል ማንኪያዋን አየር ላይ እንደያዘ ተኝቶ ነበር። ሽማግሌው ደህናውን እጃቸውን አንስተው ሁለቱንም ዝም አሰኙ። ከዚያ ሰውየውን፣ ልጄ ቅጹ ላይ ያሰፈረው እንግዳ የሆንኩበትን ቦታ ነው፣ የእኔ ቦታ ያ ነው፣ አንሱና መልሱኝ አሉት። ተቆጣጣሪው ትከሻቸውን፣ ዴርቭላ እግራቸውን ይዘው አሻገሯቸው። ሲሻገሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ኪርዋን ጽፎ ፈረመ። ረዳቷ ከሰኞ ጀምሮ ትመጣለች፤ አምስት ጠዋት፣ ሁለት ሌሊት። ከጨረሰ በኋላ ደግሞ እንደ ማፈር ብሎ፣ አንድ እግሩን በዚህ አንዱን በዚያ አድርጎ ነሐሷ ላይ ቢቆም ቅር ይላቸው እንደሆነ ጠየቀ። የሰውየው እናት ስለዚህ አልጋ ያወሩለት ነበር።

«ምን አሉት?»

«ከፈለግህ ዝለልባት አሉት።»

ዴርቭላ ቦርሳዋን ዘግታ ሄደች። ፌርጋል ካፖርቱን አጥፎ ወንበሩ ላይ አደረገ። አባቱ ወደ መስኮቱ እያዩ ነበር፣ ወደዚያ ለማየት ግን አሁን በስርጉዷ በላይ አሻግረው ማየት ነበረባቸው። ዓይናቸው እዚያ ላይ ይደርስና ይመለሳል።

«አባባ፣ ሰውየው ሄዷል። ልመልስዎት?»

ጭንቅላታቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ረዳቷ ሰኞ መጥታ በዚያ በኩል ብታገኘኝ ምን ትላለች አሉ። ቢሮ ማለት እንደዚህ ነው፣ አንዴ ከተጻፈ ተጽፏል። ከዚያ ደህናውን እጃቸውን አንስተው ፍራሹን በመስኮቱ በኩል ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት።

«ባዶ አታድርጋት» አሉ። «ና ተጋደም። እስከ ማምሻ ድረስ ማንም አይፈልግህም።»

ፌርጋል ጫማውን አወለቀ። አልጋውን በእግሩ በኩል ዞረና በመስኮቱ በኩል ገባ። ስርጉዷ ለእሱ ታጥራለች፤ ጉልበቱን ማጠፍ ነበረበት። ትራሱ የአባቱን የራስ ቅባት ይሸታል፣ ከሥሩ ግን ሌላ፣ ድሮ የሚያውቀው ሽታ ያለ መሰለው። ምናልባት የለም። የአባቱ ደህና እጅ መጥታ ክንዱ ላይ አረፈች፣ ክብደቷን ጥላ።

ውጭ ታዲ ድምፅ ማጉያውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ይሞክራል። አንድ፣ ሁለት ይላል። ይንጫጫበታል፣ ያስተካክለዋል፣ እንደገና አንድ፣ ሁለት። ከዚያ ማንም በሌለበት መንገድ ላይ ጥያቄውን ከመጀመሪያው ጀመረው። ባልና ሚስት፣ በአንድ አልጋ። ፌርጋል መጨረሻውን አልሰማም።